መጀመሪያ ውሳኔው፣ መሣሪያው በመጨረሻ፦ የወይን እርሻንና ጠመቃን በገመድ አልባ ሴንሰር ለመከታተል

«የትኛውን ሴንሰር ልግዛ?» ወይን የሚያለማ ሰው ስለ ገመድ አልባ መከታተያ ሲያስብ ቀድሞ ወደ አፉ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሴንሰር የአፈርን እርጥበት፣ የአየርን ሙቀት ወይም በታንከር ውስጥ የሚብላላውን ጭማቂ እየለካ ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቁጥሩ ውሃ አይከፍትም፣ መድኃኒት አይረጭም፣ ታንከር አያቀዘቅዝም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ነው። ያ ሰው ቁጥሩን አይቶ፣ ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ሊያደርገው ከነበረው የተለየ ነገር ካላደረገ ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀርቷል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ውሳኔው፣ ቀጥሎ ውሳኔው የሚጠይቀው ቁጥር፣ ከዚያ ቁጥሩ የሚለካበት ቦታ፣ መሣሪያው በመጨረሻ።

ለምሳሌነት በብዛት የማነሳው የዝዋይን አካባቢ ነው። ቦታው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ዝናቡ በአመዛኙ በክረምት ወራት ይጠቃለላል፤ በቀረው ጊዜ ተክሉ የሚኖረው በመስኖ ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ከቦርዶ የመጣ ችግኝ የተከለው በዚሁ መሬት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ወይኖች ለገበያ ያቀረበው ከዚሁ ነው። ዝዋይን ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ። ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች፣ አብረዋቸው የሚመጡት ማብራሪያዎችና የማስጠንቀቂያ ቀመሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተዘጋጁት ወይኑ በብርዱ ወራት ለሚያንቀላፋበት፣ በጸደይ ለሚነቃበት አገር ነው። ከምድር ወገብ በ8 ዲግሪ ርቀት ላይ ለሚገኝ ማሳ ብዙዎቹ እንዳሉ አይሠሩም። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ትክክለኛ መሣሪያ ገዝቶ የተሳሳተ ምክር ይቀበላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ በአንድ የምርት ዙር የሚወስኗቸውን ነገሮች ይጻፉ፤ መቼና ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚለቁ፣ መቼ እንደሚረጩ፣ መቼ ለለቀማ እንደሚዘጋጁ፣ ታንከሩን መቼ እንደሚያቀዘቅዙ። በሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሚያስፈልገውን ቁጥርና «ከዚህ ካለፈ እርምጃ እወስዳለሁ» የሚሉበትን ወሰን ያስፍሩ። በሦስተኛው ያን እርምጃ የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት ውስጥ ሊደርስ እንደሚችል ይጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት ረድፍ ቢኖር ይሰርዙት። የሌሊቱ ማንቂያ ሲደወል የሚነሳ ሰው ከሌለ ማንቂያው ጥቅም የለውም። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ሻጩ ከሚያቀርብልዎት ረጅም ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው ይወድቃል፤ የነፋስ አቅጣጫ፣ የብርሃን መጠን፣ የአየር ግፊት ለብዙ አልሚዎች ምንም ውሳኔ አይቀይሩም።

አንዳንድ ውሳኔ ደግሞ ፈጽሞ የሴንሰር አይደለም። የለቀማ ቀን ከነዚህ አንዱ ነው። ፍሬው መድረሱን የሚነግርዎት ከልዩ ልዩ መደዳዎች፣ ከፀሐይም ከጥላም በኩል የተለቀመ የፍሬ ናሙና፣ የስኳርና የአሲድ ልኬት እንዲሁም የራስዎ ምላስ ነው። ሴንሰሩ የሚረዳው ናሙና መውሰድ የሚጀመርበትን ሳምንት በመጠቆም ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የሙቀት ድምር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሜሪንና ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት አመዳደብ የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያለው ትርፍ በየቀኑ ይደመራል። ቀኑ 27፣ ሌሊቱ 13 ዲግሪ ቢሆን አማካዩ 20 ነው፤ ከዚያ 10 ሲቀነስ የዕለቱ ድምር 10 ይሆናል። እነሱ ቆጠራውን የሚያካሂዱት ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው። ለዝዋይ ግን ይህ የቀን መቁጠሪያ ትርጉም የለውም፤ እዚያ ተክሉን የሚቀሰቅሰው ብርድ ማለፉ አይደለም፣ የአልሚው መቀስ ነው። ስለዚህ ቆጠራዎን ከግርዘቱ ቀን ይጀምሩ፤ ቁጥሩን በሚያሳየው የስልክ አፕ ውስጥ የመነሻ ቀን መቀየር የማይቻል ከሆነ ዕለታዊውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት በደብተር ይመዝግቡና በእጅ ይደምሩ። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ እንደ ሜርሎ ወይም ሲራ ያለ የወይን ዝርያ በእርስዎ ማሳ ላይ ስንት ላይ እንደሚደርስ የሚነግርዎት ይህ ደብተር ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ማሳውን በእግር መከፋፈል ነው። ተክሉ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠወልግበት፣ ውሃ የሚያቁርበት፣ ቅጠሉ የሚበዛበት፣ አፈሩ የሚቀያየርበት የት የት ነው? በማሳው ላይ ብዙ የሠሩ ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታልና አብረዋቸው ይሂዱ። በካናዳ ኦካናጋን ሸለቆ የኢንቴል ተመራማሪዎች በአንድ የወይን እርሻ 65 ገመድ አልባ መለኪያዎች ተክለው ነበር፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ጎልቶ የወጣው ነገር በአንድ አነስተኛ እርሻ ውስጥ እንኳ የሙቀቱ ድምር ከቦታ ቦታ በእጅጉ የሚለያይ መሆኑ ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ብዙ ሴንሰር ልትከል» የሚል ይኖራል። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። እነሱ ልዩነቱን ማጥናት ይፈልጉ ነበር፤ እርስዎ የሚፈልጉት ውሃ መክፈት ነው። የመስኖ መስመርዎ ማሳውን በሦስት ቫልቭ ብቻ የሚከፋፍለው ከሆነ ሃያ ቦታ ላይ የተለካ እርጥበት የሚገለገልበት እጅ የለም። በአንድ ቫልቭ አንድ የመለኪያ ቦታ፣ እሱም የዚያን ክፍል አብዛኛውን መሬት የሚወክል ተራ ቦታ ላይ፣ ለመነሻ ይበቃል። ከመንገድ ዳር፣ ከመደዳው ጫፍና ከጥላ ዛፍ ሥር ይራቁ።

ሦስተኛው እርምጃ ውሃ ነው፤ በደረቅ አካባቢ ሴንሰር ወጪውን በቶሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ሰጥተው ያንብቡት። የአፈር መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ከአፈሩ ከመቶ ስንት እጁ ውሃ እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ሥሩ ውሃውን ከአፈሩ ለማላቀቅ ምን ያህል መሳብ እንዳለበት በኪሎፓስካል ይናገራል። የመጀመሪያውን ሲጠቀሙ የአፈሩን ዓይነት ማወቅ ግድ ነው፤ 15 ከመቶ እርጥበት በአሸዋማ አፈር ላይ ለተክሉ የተመቸ ሊሆን ይችላል፣ በመረሬ አፈር ላይ ግን ተክሉ የሚጠወልግበት መጠን ነው። ሁለተኛው ይህን ችግር ይቀንሳል፤ የራሱ ገደብ ግን አለው። በውሃ የሚሞላው ቴንሲዮሜትር 80 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲደርስ አየር ያስገባና ሥራ ያቆማል። የትኛውንም ቢመርጡ በአንድ ቦታ ላይ በሦስት ጥልቀት፣ ማለትም በ30፣ በ60 እና በ90 ሴንቲሜትር ይትከሉ። ከጠብታ መስኖው የውሃ መውጫ በቀጥታ ሥር ሳይሆን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ገለል ብሎ ይሁን። ጉድጓዱን ሲሞሉ ከየጥልቀቱ ያወጡትን አፈር ወደየቦታው መልሰው በደንብ ይጠቅጥቁ፤ በሴንሰሩና በአፈሩ መካከል የቀረ ትንሽ የአየር ክፍተት ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት የመስኖ ዙሮች ቁጥር አይመኑ፤ የተቆፈረው አፈር እስኪረጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ማየት ያለብዎት ከቁጥሩ ይልቅ ቁጥሮቹ በግራፉ ላይ የሚሠሩትን መስመር ቅርጽ ነው። እርጥበትን ከመቶ በሚለካው ሴንሰር (በኪሎፓስካል በሚለካው አቅጣጫው ይገለበጣል) በ30 ሴንቲሜትር ላይ ያለው መስመር ውሃ ሲለቀቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ቀን ቀን ይወርዳል፣ ሌሊት ሌሊት ባለበት ይቆያል፤ ልክ እንደ ደረጃ። ቀን የሚወርደው ተክሉ ስለሚጠጣ ነው፣ ሌሊት የሚቆመው ቅጠሉ ስለሚያርፍ ነው። ደረጃዎቹ ከቀን ወደ ቀን እያጠሩ ሲመጡ፣ የአየሩ ሁኔታ ሳይቀየር፣ ተክሉ ከዚያ ጥልቀት ውሃ ማግኘት እየከበደው ነው። ሌሊትም ሳይቆም የሚወርድ መስመር ካዩ ደግሞ ውሃው ወደ ታች እየሰረገ ነው ማለት ነው። የ90 ሴንቲሜትሩን መስመር በተለይ ይከታተሉ። ውሃ በለቀቁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያ መስመር ከፍ ካለ ከሥሩ አልፎ የሚሄድ ውሃ ከፍለው እየሳቡ ነው፤ ማዳበሪያዎንም ይዞ ይሄዳል። በአሸዋማ አፈር ላይ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ስድስት ሰዓት በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ሁለት ሰዓት እያደረጉ በሦስት ቀን መልቀቅ። ይህን ለውጥ ከአንድ ግራፍ ተነስቶ ማድረግ ይቻላል።

«አፈሩን በእጄ ጨብጬ አውቀዋለሁ፣ አባቶቻችን በምን ሴንሰር አለሙ?» የሚለው ተቃውሞ ክብር የሚገባው ነው። እጅ የሚያውቀው ግን የላይኛውን አንድ ስንዝር ነው፤ የወይን ሥር ከአንድ ሜትር በታች ይወርዳል። ላዩ ደርቆ ታቹ የረጠበ ማሳ ለዓይን የጠማው ይመስላል፤ ውሃም ሳያስፈልገው ይለቀቅበታል። ደግሞም ጉዳዩ የአንድ አልሚ ኪስ ብቻ አይደለም። የዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ይፈሳል፤ ከላይ የሚሳበው ውሃ ሲበዛ ወደ አቢጃታ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ አቢጃታም እጅግ መሸሹ በዓይን የሚታይ ነው። ከሥር በታች የሚባክን ውሃ ከዚህ ሐይቅ የተወሰደ ነው። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ እያለ አለመጠቀም ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

ሴንሰሩ ግን የሚናገረው ስለ አፈሩ ነው፤ ስለ ተክሉ የሚናገረው ተክሉ ነው። ስለዚህ ዓይንዎን አያሰናብቱ። የቡቃያው ጫፍ ላይ የሚጠመጠሙት ቀጫጭን ክሮች ከጫፉ አልፈው የተዘረጉ ከሆነ ተክሉ ውሃ አልጎደለበትም፤ ክሮቹ ዘንበል ብለው መርገፍ ከጀመሩ እድገቱ ቆሟል። የበለጠ ትክክለኛ ልኬት ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1965 ሾላንደርና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የቅጠል ግፊት መለኪያ አለ። ቅጠል ተቆርጦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ግፊት ይጨመራል፣ ከአንገቱ ጠብታ ብቅ ያለበት ግፊት ይመዘገባል። በእኩለ ቀን ከ10 ባር በታች ከሆነ ተክሉ አልተቸገረም፤ ከ14 ባር ሲያልፍ ከባድ ጥም ላይ ነው። ለጥሩ ቀይ ወይን ፍሬው ቀለም ከመቀየሩ በፊት ትንሽ ጥም ይፈለጋል፤ ፍሬው አነስ ይላል፣ ቀለሙም ይጠነክራል። በዚህ መለኪያ በአንድ ዙር ውስጥ ጥቂት ቀን ለክተው ከአፈሩ ሴንሰር ቁጥር ጎን ቢጽፉት «ከዚህ ካለፈ ውሃ እለቃለሁ» የሚሉትን ወሰን ከሻጭ ሳይበደሩ በራስዎ ማሳ ላይ ያገኙታል።

አራተኛው እርምጃ የአየሩና የበሽታው ነው። ሁለት የሻጋታ በሽታዎች እዚህ ላይ ዋነኞች ናቸው። ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ፓውደሪ ሚልዲው መካከለኛ ሙቀት እንጂ ዝናብ አይፈልግም። በቅጠሉ ላይ የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫ ምልክት የሚያወጣው፣ በታችኛው ገጹም ነጭ ሻጋታ የሚያበቅለው ዳውኒ ሚልዲው ደግሞ እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ለመጀመሪያው በካሊፎርኒያ የተሠራና ብዙ አፖች የሚጠቀሙበት የነጥብ ቀመር አለ፤ ሙቀቱ ለተከታታይ ስድስት ሰዓት ከ21 እስከ 30 ዲግሪ ከቆየ በቀኑ 20 ነጥብ ይጨመራል፣ ካልቆየ ወይም 35 ዲግሪ ከደረሰ 10 ይቀነሳል፣ ነጥቡ 60 ሲያልፍ አደጋው ከፍተኛ ነው ይባላል። ቀመሩ ለካሊፎርኒያ ጥሩ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማምሻው 11 ሰዓት ድረስ በዚያ የሙቀት ክልል ውስጥ የሚቆዩ ቀናት እጅግ ብዙ ስለሆኑ ነጥቡ 100 ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ሁልጊዜ የሚጮህ ማንቂያ ደግሞ ምንም አይለይም። ስለዚህ ለዚህኛው በሽታ ቀመሩን ትተው ቋሚ የርጭት ልዩነትና ቅጠል እያገላበጡ መፈተሽ ይሻልዎታል፤ የሴንሰር ገንዘብዎን ለሁለተኛው ያውሉ። ለዳውኒ ሚልዲው ጣሊያኖች «ሦስቱ አሥሮች» የሚሉት መነሻ አለ፤ ቡቃያው 10 ሴንቲሜትር ከደረሰ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ በአንድ ወይም ሁለት ቀን 10 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ የመጀመሪያው ልክፍት ሊከሰት ይችላል። በዝዋይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥሮች ቀድመው የተሟሉ ናቸው፤ የሚወስነው ሦስተኛው፣ ዝናቡና ቅጠሉ ሳይደርቅ የሚቆይበት ሰዓት ነው። እንግዲህ የዝናብ መለኪያና የቅጠል እርጥበት ሴንሰር እዚህ ቦታ አላቸው፤ በበጋ ያለ ምክንያት የሚደረግ ርጭትን የሚያስቀሩትም እነሱ ናቸው።

አተካከሉ ላይ አንድ የማብራሪያ ስህተት ይጠብቅዎታል። የአውሮፓና የአሜሪካ መመሪያዎች የቅጠል እርጥበት ሴንሰር ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ይተከል፣ የሶላር ሰሌዳው ወደ ደቡብ ይዙር ይላሉ፤ በእነሱ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ነው። ዝዋይ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። በዝናቡ ወራት፣ ሴንሰሩ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ መመሪያው ተገልብጧል ማለት ነው። የቅጠሉን ሴንሰር በዘለላዎቹ ከፍታ ላይ በቅጠሉ ውስጥ ይትከሉ፤ የሶላር ሰሌዳውን ወደየትም ከማዞር ይልቅ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብለት ብቻ በመጠኑ ዘንበል አድርገው ያስተኙት። የሙቀት መለኪያው ነፋስ በሚያሳልፍ ነጭ ከለላ ውስጥ መሆን አለበት፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው መለኪያ የራሱን ትኩሳት እንጂ የአየሩን አይናገርም።

አምስተኛው የሬዲዮው ጉዳይ ነው፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ዋይፋይና ብሉቱዝ ለአጭር ርቀት ናቸው። ለእርሻ የሚመቸው ሎራዋን የሚባለው ነው፤ በጣም ትንሽ መረጃ በገላጣ ቦታ ለብዙ ኪሎሜትር ይልካል፣ በአንድ ባትሪም ለዓመታት ይሠራል። መረጃውን የሚሰበስበው ጌትዌይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተሰቅሎ በሲም ካርድ ወደ ኢንተርኔት ያሳልፈዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ሲመለስ የሚልክ ጌትዌይ ይምረጡ። የሚደርስበትን ርቀት ከግርዘት በኋላ በባዶ ማሳ ላይ አይፈትኑ፤ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገድን ይውጣልና ማሳው ሙሉ ቅጠል ሲለብስ፣ ቢቻል ከዝናብ በኋላ ይፈትኑ። መሣሪያውን ውጭ ካለ ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ይህን ያስተውሉ፦ የአሜሪካው ሎራዋን በ915፣ የአውሮፓው በ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ከዋሽንግተን የመጣ ሴንሰርና ከፍራንክፈርት የመጣ ጌትዌይ አይነጋገሩም። ከማዘዝዎ በፊት የትኛው ድግግሞሽ እንደሚፈቀድና ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ሰዓቱንም ከመጀመሪያው ይስማሙበት። ብዙ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ 09:00 ብሎ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር የቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሠራተኛው በደብተሩ «ውሃ በ3 ሰዓት ለቀቅሁ» ብሎ ሲጽፍ ከግራፉ ጋር የማይገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስድስተኛው እርምጃ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ መሣሪያውን መፈተን ነው። የሙቀት መለኪያን የተፈጨ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ነክረው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዜሮ ዲግሪ ማለት አለበት። በፈላ ውሃ አይፈትኑት፤ በ1,640 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ሳይሞላ ነውና ትክክለኛውን መሣሪያ የተሳሳተ ያስመስልብዎታል። ለአፈሩ ሴንሰር ከአጠገቡ አፈር ወስደው ይመዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያድርቁና እንደገና ይመዝኑ፤ በልዩነቱ የሚገኘው እርጥበት ከሴንሰሩ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ በአቅራቢያዎ ያለ የአፈር ላቦራቶሪ ያሰላልዎታል። የዝናብ መለኪያውን አፍ ከቅጠልና ከሸረሪት ድር ያጽዱ። ይህን በየምርት ዙሩ መጀመሪያ ላይ ይድገሙት።

ሰባተኛው ወደ መጥመቂያው ያስገባናል። እዚህ ውሳኔዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜያቸው ግን አጭር ነው። ቀይ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ነጭ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይብላላል፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ እርሾው ሊሞትና ስኳሩ ሳያልቅ መብላላቱ ሊቆም ይችላል። በቀይ ወይን ታንከር ላይ የሚንሳፈፈው የልጣጭ ሽፋን ከሥሩ ካለው ጭማቂ በብዙ ዲግሪ የሚሞቅ ስለሆነ አንዱን መለኪያ በሽፋኑ ውስጥ፣ ሌላውን በጭማቂው ውስጥ ያድርጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ «ጭማቂውን ከሥር ሳቡና ከላይ አፍስሱበት» የሚል ትእዛዝ ነው። የብረት ታንከር ሞገድ አያሳልፍም። ስለዚህ መለኪያው ውስጥ፣ አስተላላፊው ውጭ መሆን አለበት። የስኳሩን ማለቅ በእፍግታ ይከታተላሉ፤ ከ1.100 አካባቢ ተነስቶ ከ1.000 በታች ይወርዳል። እየተንሳፈፈ በዘመመበት መጠን እፍግታን የሚለካ ትንሽ ገመድ አልባ ሃይድሮሜትር አለ፤ በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ይወዱታል፣ ውጭ አገር ጠጅ ለሚጥሉ ወገኖችም ይሆናል፤ ጌሾው እንዳይደግፈው ግን ከተጣራ በኋላ ብቻ። በልጣጭ በተሞላ የቀይ ወይን ታንከር ውስጥም በዚሁ ምክንያት አይታመንም፤ እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ናሙና ቀድቶ በእጅ መለካት ይሻላል። ነጻ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ አሲድን፣ የባክቴሪያ ብልሽትንም ላቦራቶሪና አፍንጫ ይለዩታል፤ ለእነዚህ «ገመድ አልባ መፍትሔ አለኝ» የሚልዎትን ሻጭ በጥንቃቄ ይስሙት።

ገንዘብ ቢያጥር ሌላው ሁሉ ይቅርና አንዱን ግን አይቅር፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማንቂያውን። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ተብላልቶ እስኪያልቅ ከ50 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ወለል ላይና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በአየሩ ውስጥ 4 ከመቶ ሲደርስ ወዲያውኑ ለሕይወት አደገኛ ነው። በሻማ መፈተን የሚለውን ልማድ ይተዉ፤ ሻማ እየነደደ ሰው ሊወድቅ ይችላል። መለኪያውን ከወለሉ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ በስልክ መልእክት ብቻ የሚያሳውቅ ሳይሆን በዚያው ቦታ የሚጮህና ከበሩ ውጭ መብራት የሚያበራ ይሁን። ሰው ወድቆ ያየ ሠራተኛ ሊያወጣው ዘሎ እንዳይገባ፣ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ አየር እንዲያስገባና እንዲጠራ፣ ለሁሉም በግልጽ ይነገር። በየአገሩ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው ረዳቶቹ ተከትለው ስለሚገቡ ነው።

የዋጋው ተቃውሞ ይቀራል። መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መለዋወጫው ሩቅ ነው፣ አንዳንዱም ወርሃዊ ክፍያ አለው። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው በትንሹ እንዲጀምሩ የምመክረው። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ክፍያውን ባቆም መሣሪያው መሥራቱን ይቀጥላል ወይ? መረጃውን በራሴ ኮምፒዩተር ላይ በሠንጠረዥ ማውረድ እችላለሁ ወይ? የሌላ አምራች ሴንሰር ከዚህ ጌትዌይ ጋር ይሠራል ወይ? ለአንዱ እንኳ «አይ» ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። «ሠራተኛ ያስቀራል» የሚለው ስጋት ግን በወይን እርሻ ላይ መሠረት ያለው አይመስለኝም። ግርዘቱ፣ ቅጠል መቀነሱ፣ ለቀማው የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ሴንሰሩም ራሱ አይጥ የበላውን ሽቦ የሚያይለት፣ አቧራውን የሚጠርግለትና ግራፉን ከተክሉ ጋር የሚያመሳክርለት ሰው ይፈልጋል። ያን ሰው አሁኑኑ በስም ይምረጡት፤ ሥልጠናውንም ደመወዙንም በወጪው ውስጥ ያስገቡት።

እንግዲህ ከሚቀጥለው ግርዘት በፊት አንድ ቫልቭ የሚያጠጣውን አንድ ክፍል ይምረጡ። በሦስት ጥልቀት የአፈር ሴንሰር፣ አንድ የሙቀትና የዝናብ መለኪያ፣ አንድ ጌትዌይና አንድ ደብተር ይኑርዎት፤ የሚጠምቁ ከሆነ የጋዝ ማንቂያው ይጨመር። ቁጥሩ ያሰቡትን ባስቀየረዎት ቁጥር ቀኑንና ያደረጉትን በደብተሩ ላይ ይጻፉ። ለቀማው ሲያልቅ ደብተሩን ይክፈቱ፤ የተጻፈበት ከሆነ ሁለተኛውን ክፍል ይጨምሩ፣ ባዶ ከሆነ ሌላ ሴንሰር አይግዙ።